ስድስተኛው ኬብል

አሰግድ ኬብል ሲልጥ አፉን ከፈት የማድረግ ልማድ ነበረው። ይህን የሚያውቁት ሚስቱ ትርንጎና በባቡር መሥሪያ ቤቱ አብረውት ስልክ የጠገኑ ጥቂት ሰዎች ናቸው። በዚያ ማክሰኞ ጠዋትም፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ በሙሴ ሸዋንግዛው ሳሎን ተቀምጦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ስድስቱን ቀጫጭን ክሮች በየቀለማቸው ይደረድር ነበር፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ክሮቹን በምላጭ እኩል ይቆርጣል፣ ጥርስ በምታክለው የፕላስቲክ ጃክ ውስጥ ያስገባቸዋል፣ በመቆንጠጫው ፒንሳ ቀጭ ያደርጋታል፣ ከዚያ ሌላውን ጫፍ ያነሳል። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ ስለሆነ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ቢሄድም እጁ መንገዱን ያውቃል፤ ሌላ የሚኮራበት ነገር ባይኖረው እንኳ በእጁ ይኮራ ነበር።

ሙሴ ሸዋንግዛው ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው የቀድሞ የባቡር ነጂ ናቸው። ድሬዳዋ የባቡር ሰውን እንደ ፈረንሳዮቹ ሙሴ፣ ማለትም አቶ፣ ትላለች፤ ሰውየው ጡረታ ቢወጣም፣ ባቡሩ ራሱ ጡረታ ቢወጣም፣ ሙሴነቱ አይሻርም። እኚህ ሰው ሳሎናቸውን በኮምፔንሳቶ ጠረጴዛ ሞልተው፣ የድሮውን መስመር አሳንሰው በእጃቸው ሠርተዋል፤ ጣቢያው፣ የውሃ ጋኑ፣ የደረቀው ወንዝ፣ ሁሉም አለ። የእህታቸው ልጅ ከፈረንሳይ በሻንጣ ያመጣችላቸው ባቡሮች ዲጂታል ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፤ በእጅ በሚያዝ መቆጣጠሪያ ቁጥሩን ጠርተህ ሂድ ስትለው ይሄዳል። መቆጣጠሪያውን ሙሴ ማኔት ይሉታል። ማኔቶቹ ስድስት ናቸው፤ ኬብሎቻቸው ግን በጉዞ ጠፍተዋል። እሑድ የድሮ ባልደረቦቻቸው ሊያዩ ስለሚመጡ፣ አሰግድ እስከዚያ ስድስቱንም አዲስ ማሰር ነበረበት።

መጀመሪያ ቀን ሙሴ አንድ ነገር አስጠነቀቁት። "የስልክ ሰው ነህና አደራ አሴ። እናንተ አንዱን ጫፍ ገልብጣችሁ ነው የምታስሩት። እዚህ አይገለበጥም፤ ነጭ ባለበት ነጭ። ከገለበጥከው ያኛው ጫፍ ይህኛው ይሆናል።"

አሰግድ ስቆ፣ ሙሴ ሊጡ ሳይቦካ እሳት አያንድዱ፣ መጀመሪያ ልጀምረው አላቸው። እግረ መንገዱን ደግሞ ባቡሩ እየሄደ ማኔቱ ቢነቀል ይቆም እንደሆነ ጠየቀ። አይቆምም አሉት ሽማግሌው፤ የመጨረሻ የታዘዘውን ይዞ ይሄዳል፤ ሌላ ትእዛዝ እስኪሰማ ድረስ ያንኑ እንደያዘ ነው።

መስመሩ ሳሎኑ ውስጥ አያበቃም። ግድግዳው ላይ በተፈለፈለች ቀዳዳ አልፎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል። እዚያ መስኮቶቹ ከሙቀት የተነሳ ቀኑን ሙሉ ዝግ ናቸው፤ በመዝጊያዎቹ ስንጥቅ የምትገባ ቀጭን ብርሃን ብቻ አለች፤ የኮላና የጋለ አቧራ ሽታ፣ ከላይ ደግሞ የሚያቃስት ቬንትሌተር። የዚያ ክፍል ጠረጴዛ በረሃ ነው። ነጭ አሸዋ ተነስንሶበት፣ መካከሉ ላይ አንዲት የክብሪት ሳጥን የምታህል ነጭ ቤት ቆማለች። አሰግድ ማክሰኞ ዕለት ገብቶ ቤቷን እንዳያት አወቃት፤ ሙሴ የሠሯት አርባ ሁለትን ነበር።

አርባ ሁለት በአርባ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የነበረች፣ አንድ ክፍልና አንድ ስልክ ብቻ ያላት ጣቢያ ናት። ሐዲዱ ነጠላ ስለሆነ ነጂው ወደዚያ ከመግባቱ በፊት መንገድ ይጠይቃል። የአርባ ሁለቱ ስልከኛ መንገድ የሚሰጠው ደግሞ፣ ሐዲድ ፈታሹ ጋሪውን ከሐዲዱ ላይ አውርዶ፣ ከምሰሶው ስልክ ሁለት ጊዜ ሲደውልለት በጆሮው ሰምቶ ነው። ስልከኛው አሰግድ ነበር። ፈታሹ ዩሱፍ ነበር፤ በብረት ጎማ በምትሄድ ጠፍጣፋ የእንጨት ጋሪ ላይ ተቀምጦ፣ የዝንጅብል ሻዩን በፔርሙስ ይዞ፣ ብሎን እያጠበቀ የሚመላለስ፣ ሳቂታ፣ ለአሰግድ ከወንድምም በላይ። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁለት ጊዜ ደወለ። አንድ ቅዳሜ ግን አልደወለም። ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል፣ ምሳ ቀርቧል፣ አሰግድ የተበጠሰ ገመድ እየጠገነ ነበር፤ ነጂው መንገድ ሲጠይቅ እጁ ከልማዱ የተነሳ ራሱ ሄዶ መንገድ የሚሰጥበትን ቁልፍ፣ መመለሻውን፣ ተጫነ። አላዳመጠም። ባቡሩ ዩሱፍን ከነጋሪው አገኘው። ለምን እንዳልደወለ፣ ለምንስ ዘሎ እንዳልወረደ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

በምርመራው ላይ አሰግድ መንገድ አልሰጠሁም አለ። ነጂው፣ ሙሴ ሸዋንግዛው፣ ተሰጥቶኛል አሉ። የታመነው ስልከኛው ነበር። ሙሴ ሦስት ዓመት ታስረው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ባቡር አልነዱም፤ ልጆቻቸው የገዳይ ልጅ እየተባሉ አድገው አንድ በአንድ ከከተማው ወጡ። አሰግድ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው፤ ዝም አይነቅዝም ብሎ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖረ። ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ባርኔጣ አንስተው ሰላም ይባባላሉ፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ለኬብሉ ሥራ ሲጠራ እምቢ ያላለው፣ እምቢታው እንደ ኑዛዜ እንዳይቆጠርበት ፈርቶ ነው። የሚፈልገው ስድስት ኬብል አስሮ፣ ሳይጠየቅ፣ ከዚያ ቤት መውጣት ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ሁለት ኬብል ጨረሰ። ሁለተኛውን ሲፈትሽ የመፈተሻው መብራት በራች፤ ገና አንዱን ጫፍ ብቻ ነበር የሰካው። ሌላው ጫፍ ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ነቅሎ መልሶ ሰካው፤ አልበራችም። ባትሪው ነው አለና ባትሪ ቀየረ።

ረቡዕ በረሃው ላይ ጋሪ አየ። ከአርባ ሁለት አለፍ ብሎ፣ ሐዲዱ ላይ፣ ጥፍር የምታክል ጠፍጣፋ እንጨት በአራት ጎማ ቆማለች። ሽማግሌው ይህን ሆን ብለው ነው ያስቀመጡት ብሎ አሰበ፤ ተናደደባቸውም። በሁለት ጣቱ አንስቶ መስኮት ደፍ ላይ አስቀመጣት። ከምሳ በኋላ ሲመለስ ሐዲዱ ላይ ነበረች። ሳሎን ወጥቶ፣ ድምፁን እንደምንም አለዝቦ፣ ጋሪዋን መቼ እንደሠሯት ጠየቀ። ሙሴ የያዙትን ብሩሽ አስቀመጡ።

"እኔ ጋሪ አልሠራሁም" አሉ። "እጄ እምቢ አለኝ።"

በዚያ ማታ ትርንጎ ራት አቅርባ ከኋላው ስታልፍ ቆም አለች። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ እየዋለ አንገቱ እንዴት በፀሐይ እንደተላጠ ጠየቀችው። ዳሰሰው፤ ያቃጥላል። ጫማውን ሲያወልቅ ደግሞ ሦስት ጥቋቁር ጠጠሮች ወለሉ ላይ ተንከባለሉ፤ ሐዲድ ሥር የሚነጠፈው ዓይነት፣ ጠርዙ ስል የሆነ ጠጠር። ከከዚራ እስከ ቤቱ ያለው መንገድ አስፋልት ነው። ጠጠሮቹን በጓሮ በር ወርውሮ እጁን ታጠበ።

ሐሙስና ዓርብ ሦስት ኬብል ጨመረ። ከውስጠኛው ክፍል የዝንጅብል ሽታ መምጣት ጀምሮ ነበር፤ መጀመሪያ በስሱ፣ ኋላ ከናፍጣና ከጋለ ብረት ሽታ ጋር ተደባልቆ፣ ቬንትሌተሩ በዞረ ቁጥር ፊቱ ላይ እየመጣ። የሙሴን ቤት የምታስተዳድረው አለምፀሐይ ሻይ አፍልታ እንደሆነ ጠየቃት፤ እሷ ግን ዝንጅብል እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም፣ ሙሴ ሽታውን አይወዱትም አለችው። ዓርብ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲነሳ ዓይኑ ያየውን ለራሱም አልደገመውም። ጋሪዋ ላይ ሰው ነበረ፤ ከጤፍ ቅንጣት ብዙ የማይበልጥ፣ ጎንበስ ያለ።

ስድስተኛው ኬብል ረጅሙ ነው። ከሳሎን ተነስቶ በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ውስጠኛው ክፍል ይደርሳል፤ ስድስተኛው ማኔት እዚያ ነው የሚሰካው። ሙሴ እንደ ድሮው ደንብ መንገድ እየጠየቅን ነው የምንነዳው ስላሉ፣ አሰግድ በኬብሉ ሁለት ጫፎች ላይ አንዳንድ ትንሽ ሳጥን አዘጋጅቷል፤ እያንዳንዷ አንድ መጫኛና አንድ አረንጓዴ መብራት አላት። የሳሎኑን ስትጫን የአርባ ሁለት ትበራለች፤ መንገድ ተጠየቀ ማለት ነው። የአርባ ሁለትን ስትጫን የሳሎኑ ትበራለች፤ መንገድ ተሰጠ ማለት ነው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ሙቀቱ ጣሪያውን ሲያንቋቋው፣ አንዱን ጫፍ ሳሎን አሰረ፤ ሌላውን በረሃው ጠረጴዛ ላይ ደገፍ ብሎ፣ ዓይኑ ከጋሪዋ ሳይነሳ፣ በእጁ ብቻ አሰረው። ቀጭ አለች። መፈተሻውን ሳሎን ትቶት ስለነበር ሄዶ ማምጣት ታከተው፤ እጄ አይሳሳትም አለ በልቡ።

አለምፀሐይ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወደ ቀፊራ ገበያ ወጣች። ከተማው ለቀትር ዕረፍት ዝም አለ። ሙሴ ከሳሎን ሆነው፣ በተከፈተው በር በኩል፣ አንድ ጊዜ እንሞክረው አሉት፤ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው።

አሰግድ ማኔቱን ይዞ ከአርባ ሁለት ፊት ቆመ። አምስቱን ቀናት ሲያሳድዱት የነበሩት ነገሮች ሁሉ አንድ ላይ መጡ፤ ፍርሃቱንም፣ ከፍርሃቱ ሥር የተኛውን ኀዘንም በግልጽ አወቀው። ግን አንድ ነገር በእጁ ነበር። ዛሬ አይጫንም። መብራቷ ብትበራም፣ ሽማግሌው ቢጠሩትም፣ ሳጥኗን አይነካትም፤ መንገድ ካልተሰጠ ባቡሩ አይመጣም። ማኔቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ቆልፎ፣ ያችን አረንጓዴ መብራት እያየ ጠበቀ።

አልበራችም። ሩቅ ከመስጊድ የቀትር አዛን ተሰማ፤ ዩሱፍ ሁልጊዜ ከደወለ በኋላ የሚሰግድበት ሰዓት። መብራቷ ጨለማ እንደሆነች ነው። ከግድግዳው ወዲያ ግን፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ሐዲድ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ሙሴ፣ ቆዩ" አለ። "መንገድ አልሰጠሁም።"

"ሰጥተኸኛል አሴ" አሉ ሽማግሌው ከወዲያ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። "ስጠይቅህ መብራቴ በርቷል።"

ያን ጊዜ ጃኳን ተመለከተ። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ። እንደ ስልክ፣ ገልብጦ ነበር ያሰራት። ጥያቄው ወደ እሱ ሳይደርስ፣ ራሱ መልስ ሆኖ ወደ ሳሎን ተመልሷል። እጁን ብብቱ ውስጥ ቆልፎ የቆመው በከንቱ ነው፤ ያ እጅ ሥራውን ከአንድ ሰዓት በፊት ጨርሶታል።

ማኔቱን አንስቶ ወደ ዜሮ አዞረ። ድምፁ አልቀነሰም። ኬብሉን መንጭቆ ነቀለው። ድምፁ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ወለሉ ውስጥ ገባ፣ ከጫማው ሥር መጣ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከመጫወቻ አይወጣም። ከግድግዳው ቀዳዳ የናፍጣ ትንፋሽ ወጥቶ ፊቱን መታው። ሠላሳ ሦስት ዓመት የዋጠውን ነገር ከእንግዲህ መያዝ አልቻለም።

"እኔ ነኝ!" ብሎ ጮኸ። "ያኔም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዩሱፍ አልደወለም፤ ሳልሰማ ነው የተጫንኩት። ስለ እግዚአብሔር ብለው ያቁሙልኝ፣ ሙሴ።"



"አውቃለሁ" አሉ ሽማግሌው። እያለቀሱ ይመስል ነበር። "ከአፍህ እስክሰማው ነበር የኖርኩት፤ ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ። ግን ማኔቱ እጄ ላይ የለም። ካስቀመጥኩት ቆየሁ።"

"ታዲያ ማን ነው የሚነዳው?"

"የመጨረሻ የታዘዘውን ይዞ ነው የሚመጣው።"

አሰግድ በረሃው ላይ ተደፋ። ጋሪዋን ከሐዲዱ ማንሳት አለበት፤ ሌላ የቀረ ነገር የለም። በሁለት ጣቱ ያዛት፤ አልተነቃነቀችም። በእጁ ሙሉ ያዛት፤ አልተነቃነቀችም፤ እንጨቷ ከፀሐይ የተነሳ መዳፉን አቃጠለው። ጎንበስ ብሎ አየ። አንደኛው የብረት ጎማ በሐዲዱና በተላቀቀ የሐዲድ ማሰሪያ መካከል ገብቶ ተሰንቅሯል። ዩሱፍ ለምን እንዳልደወለ አሁን ገባው። ለምን ዘሎ እንዳልወረደም ገባው፤ ጋሪው ሐዲዱ ላይ ከቀረ ባቡሩ ከነሰዎቹ ሊገለበጥ ይችላል፤ ዩሱፍ እንዲህ ያለውን ነገር ጥሎ የሚሮጥ ሰው አልነበረም። አሰግድ በሁለት እጁ ጨብጦ ሳበ። እንደገና ሳበ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ ጉልበቱ በስሉ ጠጠር ተላጠ፤ አጠገቡ የተደፋ ፔርሙስ የዝንጅብል ሻዩን አሸዋው ላይ ያፈሳል። የቬንትሌተሩ ድምፅ መቼ እንደጠፋ አላስተዋለም። ስልኩ ያለበት ምሰሶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ይርቃል፤ ጋሪውን ለቆ ቢሮጥ ይደርስ ይሆናል፣ ላይደርስም ይችላል፤ እጁ ግን ጋሪውን አልለቀቀም።

ሙሴን ጠራ። ድምፁ ወደ በረሃው ወጥቶ ቀረ፤ ሳሎኑም ግድግዳውም የሉም፤ ያኛው ጫፍ ይህኛው ሆኗል፤ ከግራም ከቀኝም ሰማይና አሸዋ ነው፤ ሐዲዱ ከኩርባው ወዲያ እየዘመረ ነው። አሁንም አንድ ተስፋ ነበረው፤ የአርባ ሁለቱ ሰው እንዳልተደወለለት ያውቃል፤ የአርባ ሁለቱ ሰው ወዳጁ ነው፤ ለአንድ ደቂቃ ጆሮውን ሰጥቶ ዝም ቢል ይበቃል። ቀና ብሎ ሲመለከት፣ በሙቀቱ ውስጥ እየተንቀጠቀጠች በምትታየው ነጭ ቤት መስኮት ውስጥ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ገመድ የሚልጥ አንድ ወጣት ስልከኛ ተቀምጦ አየ፤ ወጣቱም ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ፣ ምንም ሳያዳምጥ፣ እጁን ወደ መመለሻው ሰደደ።